አኮን በሁለት ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

በሰሜን እስራኤል ያለችውን የአኮን ከተማ ብዙ ሰው የሚያያት ሃይፋን ለማየት ሲሄድ አብሮ ነው። እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፣ በጠራራ ፀሐይ ገበያውን ይዞራል፣ ሁሙስ ይበላል፣ ወደቡ ላይ ፎቶ ይነሳና ባቡሩ እንዳያመልጠው ይሮጣል። እንዲህ ያየ ሰው «ያው አሮጌ ከተማ ናት» ቢል አይፈረድበትም። የአኮ ዋናው ነገር ግን ያለው ከመሬት በታች ነው፤ በላዩ ተራምዶበት አልፏል። ስለዚህ አካሄዳችሁን ገልብጡት፦ በጠዋት ከመሬት በታች ግቡ፣ ቀትሩን በምግብና በጥላ አሳልፉ፣ የከተማዋን ቅጥርና ባሕሩን ለማምሻ አቆዩ፣ ሌሊቱንም እዚያው እደሩ።

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ 8:00 ተብሎ የምታነቡት እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

1. ቀኑን መምረጥ

አየሩ ከአገር ቤት ጋር የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጃንጥላ በምንይዝበት በሐምሌና በነሐሴ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ጠብታ አይወርድም፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ተደምሮ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ዝናቡ የሚመጣው ባብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ያኔ ባሕሩም ይቆጣል። ለእግር ጉዞም ለዋናም የሚመቸው ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ውኃው በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ በጥቅምትም ገና ለብ ያለ ነው።

የሳምንቱ ቀን ከወሩ የበለጠ ያሳስባል። ባቡር አርብ ከሰዓት በኋላ ይቆምና የሚመለሰው ቅዳሜ ማታ ነው። አርብ ቀትር ላይ መስጊዱ የጸሎት ሰዓት ስለሆነ ጎብኚ አይገባም፤ የሚጎበኙት ቦታዎችም አርብ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ሰንበት የሚያከብር ቤተሰብ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ይምጣ። የአሮጌው ከተማ ነዋሪ አብዛኛው ዐረብ ስለሆነ ገበያው ቅዳሜም ክፍት ነው፤ መኪና ያለውና ሰንበት የማይከለክለው ሰው ቅዳሜ መምጣት ይችላል፤ መጋፋቱን ግን ይቻለው።

በዳስ በዓል ሰሞን፣ በሱኮት ማለት ነው፣ አኮ ውስጥ የቴአትር ፌስቲቫል አለ። ቴአትር ለሚወድ ደስ የሚል ሳምንት ነው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ግን አይሆንም፤ ማደሪያም ቀደም ብሎ ያልያዘ አያገኝም። በረመዳን ማታ ማታ መብራቱና ጣፋጩ ልዩ ሆኖ ሳለ፣ ቀን ላይ በአሮጌው ከተማ ካሉት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። በዮም ኪፑር፣ በአይሁድ የስርየት ቀን ማለት ነው፣ የትም አትሂዱ።

ከመነሳታችሁ በፊት የእስራኤል የደጀን ዕዝ፣ ፒኩድ ሃዖሬፍ የሚባለው፣ ስለ ሰሜኑ ምን እያለ እንደሆነ እዩ። አኮ ከሊባኖስ ድንበር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው። ማደሪያችሁ ስትደርሱ ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት «መጠለያው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማማድ ወይም ሚክላት ይሉታል። የፖሊስ ስልክ 100፣ የአምቡላንስ 101፣ የእሳት አደጋ 102 ነው።

2. ወረቀቱና መንገዱ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣ ሰው ቪዛውን አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ቪዛ ባያስፈልገውም፣ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ከመሳፈሩ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ይጠይቃል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርት ውስጥ ማኅተም ከመምታት ይልቅ ትንሽ ወረቀት ይሰጧችኋል፤ ሆቴሎች ስለሚጠይቋት አትጣሏት።

ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የምትሳለሙ ከሆነና ጉዞው በማኅበር ከሆነ፣ ገሊላ በምትሄዱበት ቀን ላይ አኮ እንድትጨመር አስተባባሪውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለተሳላሚ ባዕድ ቦታ አይደለችም፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ላይ ጳውሎስ ከጢሮስ በመርከብ መጥቶ ከወንድሞች ጋር አንድ ቀን የዋለባት ጴጤሌማይስ ይህችው ናት።

ከቴል አቪቭ የናሃሪያን ባቡር ያዙ፤ እስከ አኮ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሃይፋ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ክፍያው ራቭ ካቭ በሚባለው የትራንስፖርት ካርድ ወይም በስልክ ነው። በባቡሩ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ከቴል አቪቭ ወደ ሰሜን ሲሄድ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። የአኮ ጣቢያ የሚገኘው በአዲሱ ከተማ ነው፤ ከዚያ እስከ አሮጌው ከተማ በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ሻንጣ ካላችሁ ታክሲ ያዙና ገና ስትገቡ «ሞኔ» በሉት፤ ቆጣሪውን ክፈት ማለት ነው። ከመንገዱ መሐል ዋጋ መከራከር አያዋጣም።

ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ አሮጌው ከተማ ውስጥ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ሻንጣችሁን ማደሪያችሁ ላይ ጣሉና ውጡ። መያዝ ያለባችሁ፦ የማያንሸራትት ጫማ፣ ውኃ፣ ኮፍያ፣ አንድ ነጠላ። ነጠላው ለመስጊዱም፣ በሁለተኛው ቀን ለምታዩት የባሃይ እምነት መቅደስም፣ ለማምሻው የባሕር ንፋስም ያገለግላል።

3. ከመሬት በታች

መጀመሪያ ወደ ባላባቶቹ አዳራሽ ሂዱ፤ ሆስፒታለር የተባሉት የመስቀል ጦረኛ መነኮሳት ማዕከል ነበር። ትኬት የሚሸጠው ምሽጉ አጠገብ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ነው። ነጠላ ትኬት ከመግዛት ይልቅ አዳራሹን፣ ዋሻውንና የቱርኮቹን መታጠቢያ አንድ ላይ የያዘውን ጥምር ትኬት ጠይቁ፤ ለየብቻ ከመክፈል ይረክሳል። የጆሮ ማዳመጫ አስጎብኚ መሣሪያም ይሰጣል።

ስትገቡ ምን እያያችሁ እንደሆነ ካላወቃችሁ ድንጋይ ብቻ ነው የሚሆንባችሁ፤ ስለዚህ ይህን ያህል ታሪክ ይዛችሁ ግቡ። የመስቀል ጦረኞች አኮን የያዙት በ1104 ነው። በ1187 የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላሕ አድ-ዲን ወሰዳት። በ1191 የእንግሊዙ ሪቻርድና የፈረንሳዩ ፊሊጶስ ከረጅም ከበባ በኋላ መልሰው ያዟት። ኢየሩሳሌም ከእጃቸው ስለወጣች ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የመንግሥታቸው መቀመጫ ሆነች። በ1291 የግብፅ ማምሉኮች ሰብረው ገቡና አፈረሷት፤ ከተማዋም ለብዙ ዘመን ባድማ ሆና ቀረች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሂር አል-ዑመር የተባለ የገሊላ ገዥ፣ ከእሱም በኋላ የኦቶማኑ ሹም አሕመድ ፓሻ አል-ጀዛር መልሰው ሲያቆሟት፣ የቆዩትን አዳራሾች በአፈር ደፍነው በላያቸው ሠሩ። ከተማይቱን ለዛሬ ያቆየላት ይኸው አፈር ነው። ከላይ የምትሄዱበት ሰፈር የኦቶማን ነው፤ ከሥሩ ያለው የ12ኛውና የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዩኔስኮም በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በዚህ ምክንያት ነው።

አዳራሾቹ ውስጥ አትቸኩሉ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ወፋፍራም ምሰሶዎች ካያችሁ በኋላ ወደ ማዕዘኖቹ ቀና በሉ፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት የሆነው የአበባ ቅርጽ ሁለት ቦታ ላይ ተቀርጿል። አስጎብኚ ያላቸው ቡድኖች መሐል ላይ ቆመው ያወሩና ሳያዩት ይወጣሉ። ስኳር የሚጠጠርባቸው የሸክላ ቅርጾችም አሉ፤ እነዚህ መነኮሳት ጦረኞችም ሐኪሞችም ስኳር ነጋዴዎችም ነበሩ። ልጆች ከሁሉ የሚወዱት የጋራ መጸዳጃውን ነው፤ ተዉአቸው ይሳቁ። ለአዳራሾቹ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ከዚያ በገበያው መሐል አቋርጣችሁ ወደ ቴምፕላሮች (ሌላው የመስቀል ጦረኛ መነኮሳት ማኅበር) ዋሻ ውረዱ። ወደ 350 ሜትር ይረዝማል፤ ምሽጋቸውን ከወደቡ ጋር የሚያገናኝ የምሥጢር መተላለፊያ ነበር። የተገኘው በ1994 ነው፤ የአንዲት ነዋሪ የቤት ፍሳሽ ተደፍኖ ሲጠገን ድንገት ብቅ አለ። በእንጨት ርብራብ ላይ ነው የምትራመዱት፤ ከሥሩ ውኃ ይፈስሳል። የተወሰነው ክፍል ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሕፃን በጀርባ ያዘለች እናት ልጁን ወደ ፊት ታዙረው፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ በውጭ ዞሮ ሌላኛው በር ላይ ይጠብቅ። በሁለቱም ጫፍ በር አለው፦ አንደኛው በምዕራብ መብራት ማማው አጠገብ፣ ሌላው በምሥራቅ ወደ ወደቡ። ከምዕራቡ ገብታችሁ በምሥራቁ ውጡ፤ ምሳችሁ አጠገብ ያደርሳችኋል።

የቱርኮቹ መታጠቢያ ቤት ቆንጆ ነው፤ ሥዕላዊ ትርኢቱ ግን ለእኔ ይንዛዛል። ሙቀቱ ከበረታ ለመቀዝቀዝ ግቡበት፤ ጊዜ ካጠረ ግን የሚዘለው እሱ ነው።

4. ቀትር፦ ገበያውና ምሳው

ሁሙስ ቤቶች የጠዋትና የምሳ ቤቶች ናቸው። ድስቱ ሲያልቅ ይዘጋሉ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ወንበር ሲደራረብ ይደርሳል። ወረፋው የረዘመበት ቤት በፍጥነት ስለሚያስተናግድ ወረፋ አይታችሁ አትመለሱ።

ጾም ለያዘ ሰው አኮ ገነት ናት። ሁሙሱ ሽምብራ ነው፣ ጠሂናው ሰሊጥ ነው፣ ፉሉ ባቄላ ነው፣ በላዩ የወይራ ዘይት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ብዙ ቤት ሁሙሱ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ያስቀምጣል፣ «ብሊ ቤይጻ» ብላችሁ አስቀሩት፤ ላባኔ የሚሉት ነጩ ነገር ደግሞ እርጎ ነው። ክናፌ የተባለው ጣፋጭም ውስጡ አይብ ስለሆነ ለፍስክ ቀን ይቆይ። ካሽሩት፣ የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ የሚጠብቅ ቤተሰብ በአሮጌው ከተማ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ የምስክር ወረቀት እንደሌላቸው ይወቅ፤ «ተዑዳት ካሽሩት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከሌለ አዲሱ ከተማ ቅርብ ነው።

ቡናው ከነአተላው የሚቀዳ፣ ሄል የበዛበት ነው። እስከ መጨረሻው አትጨልጡት። ለጀበና ቡና የሚሆን አይደለም፤ ግን ከምግብ በኋላ ደግ ነው።

ገበያው ውስጥ ቅመም የሚሸጡትን ቤቶች በአፍንጫችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ዛዕታር ግዙ፤ ከዳቦና ከዘይት ጋር አገር ቤት ላሉትም ይወደዳል። የዓሣ መደቡ ጠዋት ነው የሚያምረው።

5. ከሰዓት በኋላ፦ መስጊዱ፣ ካኑና ቅጥሩ

አል-ጀዛር በ1781 ያሠራው መስጊድ አረንጓዴ ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። መግቢያው ላይ ትንሽ ክፍያ አለ። ከጸሎት ሰዓት ውጭ ግቡ፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ሴቶች ነጠላውን ራስ ላይ ጣል ያድርጉ፤ ወደ ውስጠኛው አዳራሽ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። የአል-ጀዛር መቃብር ግቢው ውስጥ ነው። ከግቢው ሥር ያለውንም የውኃ ማጠራቀሚያ ክፍት ከሆነ ውረዱና እዩት።

ወደቡ አጠገብ ካን አል-ዑምዳን አለ፤ ነጋዴዎች ከነግመላቸው የሚያድሩበት የነበረ ባለ ሁለት ፎቅ ግቢ ነው። ምሰሶዎቹ ከቂሳርያ ፍርስራሽ የመጡ ናቸው፤ የሰዓት ማማው በ1906 ለሱልጣን አብዱል ሐሚድ ክብር የቆመ ነው። ለእድሳት ዝግ ሆኖ ካገኛችሁት ማማውን ከውጭ አይታችሁ እለፉ።

ናፖሊዮን በ1799 ለሁለት ወር ያህል ከቦ ሳይገባ የተመለሰው በዚህች ከተማ ቅጥር ነው። ከባድ መድፎቹን በባሕር ሲያስጭን የእንግሊዝ መርከቦች ማርከውበት ነበር፤ የአል-ጀዛር ወታደሮችም ከውስጥ አልበገር አሉት። በምሥራቅ በኩል ያለውን የየብስ ቅጥር ወጥታችሁ እዩ፤ መድፎቹ አሁንም አሉ። አብዛኛው ጎብኚ ወደዚያ ስለማይመጣ ልጆች ይሯሯጡበታል።

የባሕሩን ቅጥር ለመጨረሻ አቆዩት። ከወደቡ ተነሥታችሁ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ መብራት ማማው ሂዱ፤ ባሕሩን በግራ እንደያዛችሁ ነው። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ግን ከ10 ሰዓት ተኩል ጥቂት ብታልፍ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ። የሰፈሩ ልጆች ከቅጥሩ ላይ ወደ ባሕር ሲዘልሉ ታያላችሁ። እነሱ ድንጋዩ የት እንዳለ ከሕፃንነታቸው ያውቁታል፤ እንግዳ አያውቀውም። ጎረምሳ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ከመድረሳችሁ በፊት ንገሩት።

ጀልባ ለሚፈልግ፣ ከወደቡ እየተጠሩ የሚሞሉ ጀልባዎች አሉ፤ ቅጥሩን በባሕር ዞረው ይመልሳሉ። ዋጋውን ለአንድ ሰው ስንት እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። ሙዚቃው የሚጮህበትን ትታችሁ ትንሹን ጀልባ ምረጡ።

6. ባሕር መግባት

ለመዋኘት ወደ አርጋማን ዳርቻ ሂዱ። ከአሮጌው ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው፤ አሸዋማ ነው፣ ውኃው ላይ ሆናችሁ የከተማዋን ቅጥር ከነማማው ታዩታላችሁ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ወደ ባሕር የሚገባው የናዓማን ወንዝ አሸዋ በሮማውያን ዘመን ለመስታወት ሥራ የተመሰገነ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ላንጋኖ ወይም ጣና ላይ የሚዋኝ ሰው «ዋና እችላለሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሐይቅ አይጎትትም፣ ባሕር ይጎትታል። ስለዚህ፦

የነፍስ አድን ሠራተኛው ማማ ያለበት ቦታ ብቻ ግቡ፣ እሱም ሥራ ላይ እያለ ብቻ። ማማው ላይ ያለውን ባንዲራ እዩ፦ ነጭ ከሆነ መግባት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ቀይ ባለበት ቀን ልጅ ይዞ መግባት አይገባም፤ ሌላው ሰው ገብቷል ብሎ መከተልም እንዲሁ።

ውኃው ወደ ጥልቁ ሲወስዳችሁ ከተሰማችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳር አትታገሉ፤ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። ከዳሩ ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ። ጉተታው ጠባብ መስመር ስለሆነ ከእሱ ስትወጡ ወደ ዳር መመለስ ይቀላል። መዋኘቱ ካልተቻለ በጀርባ ተንሳፍፋችሁ እጅ አንሡና ተጣሩ።

ልጅን በክንድ ርቀት ያዙት፤ ዳር ተቀምጦ በስልክ መካከል ቀና እያሉ ማየት ጥበቃ አይባልም። አየር የሚሞላ ፍራሽና ቀለበት ንፋስ ከየብስ ሲነፍስ ወደ ጥልቁ ይዞ ስለሚሄድ ይቅርባችሁ።

ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ሜዱሳ፣ ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ በብዛት የሚመጣበት ሰሞን አለ። በስዊዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የገባ ዘር ነው፤ ሲነካ እንደ ሳማ ያቃጥላል። ከነደፋችሁ በባሕሩ ውኃ እጠቡት፤ በንጹሕ ውኃ አትጠቡ፣ በአሸዋም አትሹ። ትንፋሽ ያጠረው ወይም ፊቱ ያበጠ ሰው ካለ ወዲያው 101 ይደወል።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከጥላ አትራቁ።

7. ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ወደ ባህጂ ሂዱ፤ ከአኮ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይደረሳል። የባሃይ እምነት መሥራች ባሃኦላህ የተቀበረበት፣ ባሃዮች ሲጸልዩ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቦታ ነው። በ1868 የኦቶማን መንግሥት በግዞት ወደ አኮ አምጥቶ ምሽጉ ውስጥ አሰረው፤ በኋላ ከከተማዋ ወጥቶ የኖረው እዚህ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። መቅደሱ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ጠዋት ብቻ ስለሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የአትክልቱ ስፍራ ግን ረዘም ይላል። ጫማ ይወልቃል፣ ዝም ይባላል። ልጆች ጠጠሩን እንዳያነሡ ጠባቂዎቹ ይቆጣሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ።

ወደ ሰሜን ሮሽ ሃኒክራ። ነጩን ገደል ባሕሩ ቦርቡሮ የሠራቸው ዋሻዎች ናቸው፤ በአጭርና ቀጥ ባለ የገመድ መኪና ይወረዳል። እንግሊዞች በ1942 የሃይፋን ባቡር ወደ ቤይሩት ለማገናኘት የቆፈሩት ዋሻም እዚያው አለ። ድንበሩ አጠገብ ስለሆነ የጸጥታው ሁኔታ ሲያሰጋ፣ ማዕበልም ሲበረታ ይዘጋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። በባቡር እስከ ናሃሪያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ነው።

ወደ ደቡብ ሃይፋ። ለባሃዮቹ አትክልት የሚቀርበው ጣቢያ መርከዝ ሃሽሞና ነው። በደረጃው ሽቅብ አትውጡ፤ ካርሜሊት የተባለውን የምድር ውስጥ ባቡር ከፓሪስ አደባባይ እስከ ጋን ሃኤም ያዙና ከላይ ከመራመጃው ሆናችሁ ከተማውንና ወደቡን እዩ። ጉብኝቱም ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስቴላ ማሪስ ገዳምና ከተራራው ግርጌ ያለው የኤልያስ ዋሻ በዚያው ቀን ይደረሳሉ።

ኤልያስ የበኣልን ነቢያት የረታበትን ቦታ ለማየት የምትመጡ ተሳላሚዎች ግን ልብ በሉ፤ ያ ቦታ ሃይፋ ከተማ ውስጥ አይደለም። ሙሕራቃ ይባላል፤ በቀርሜሎስ ተራራ በደቡብ ምሥራቁ ጫፍ፣ ከዳሊያት አል-ካርሜል አልፎ ነው፣ ከገዳሙ ጣሪያ ላይ የኢይዝራኤል ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። የሕዝብ ማመላለሻ እስከ በሩ አያደርስም። መኪና ተከራዩ፣ ወይም ሹፌሩን ከሃይፋ ደርሶ መልስ፣ መቆያውንም ጨምሮ ተዋዋሉት፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ሌላ ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው።